ሠላሳ ጠቅታ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የከፈትኩት ለመኪናው ነው። ምን እንደገጠምኩ፣ በስንት እንዳስተካከልኩ፣ መንገድ ላይ ምን እንደተሰማኝ ካልጻፍኩ ይጠፋብኛል። ሥራዬ ሚዛን ማስተካከል ነው። የሱቁም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የመድኃኒት ቤቱም ሚዛን በእኔ እጅ ያልፋል፤ "ጻፉት፣ ካልጻፋችሁት አላምናችሁም" እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አሰልችቻለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴን ከሐኪም ቤት ስመልሳት በራችን አጠገብ ያለችው ጉብታ ላይ ጮኸች። በዚያች ጉብታ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሰናል፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው አፏን በእጇ ይዛ "ምንም አይደል፣ ደንግጬ ነው" አለችኝ። መኪናችን ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ደረቅ ያለች፣ ለሩጫ የተሠራች። ስንገዛት ባለቤቴ "ልጅ የለን፣ ሁለት ወንበር ከበቂ በላይ ነው" ብላ ስቃ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ጣውንቴ ሆነ። ጠዋት ጠዋት "ጣውንቴ ደህና አደረች?" ትለኛለች።

የወገቧ ነገር ነው። ሐኪሞቹ በሽታው አጥንቱ ጋ ደርሷል ብለዋል። የመኪናውም ሞላዎች አርጅተዋል፣ ሾኮቹም ዘይት ያንጠባጥባሉ። መቀየር አለባቸው።

ረቡዕ 5

ከሥራ ወጥቼ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን "ቀጭኑ" ነው የሚሉት። ከመኪና ሥር ለመግባት መኪናውን ከሌላው ሰው እጥፍ ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣለት መቼም ቀልደኛ ነበር።

ቀጭኑ ጣውንቴን በሁለት እጁ ጫን ጫን አደረጋትና ራሱን ነቀነቀ። "ጋሼ፣ ሞላው ነው የሚሸከመው፣ ሾኩ ደግሞ እንዳይዘል የሚይዘው። ሁለቱም አልቀዋል። እኔን ከሰሙኝ የፋብሪካውን አዲስ ይግጠሙና ጎማውን ወፈር ያለ ያድርጉት። በቃ። ሰው ነው የሚጭኑት፣ ውድድር አይሄዱ።"

መደርደሪያው ላይ ግን ሌላ አየሁ። ሞላና ሾኩ አንድ ላይ የሆነ፣ አናቱ ላይ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር ነገር ያለው። ጠቅ ባለ ቁጥር አንድ ደረጃ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል። ሠላሳ ጠቅታ አለው። ሳዞረው በጣቴ ውስጥ ሲቆጠር ይሰማኛል።

"እሱ ለጎረምሶቹ ነው" አለ ቀጭኑ። "ቀኑን ሙሉ ሲያጠብቁና ሲያላሉ ለሚውሉት።"

የፋብሪካውን ብገጥም እንደሆነ ነው የሚሆነው፤ አልተመቻት እንደሆነ ምን አደርጋለሁ? ይህኛው ግን ሠላሳ ዕድል አለው። ከሠላሳው አንዱ ለእሷ ይሆናል።

ቅዳሜ 8

ባለቤቴ ዛሬ "እህቴ ጋ ውሰደኝ" አለችኝ። እህቷ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከሐይቁ ማዶ ነው ቤቷ፤ ዘጠና ኪሎ ሜትር። መንገዱ ግማሹ ጠጠር ነው።

"መኪናው ይስተካከልና" አልኳት።

"መቼ?"

"በቅርቡ።"

ቆይታ ደግሞ "እዚያ ሰው አለ" አለች። እዚህስ እኔ የለሁም ወይ ብዬ ልመልስ ነበር፤ ስልኩ ጠራ፣ ዋጋ የጠየቅኩት የመኪና ዕቃ አስመጪ ነበር።

እትዬ አልጋ ያለው መኪና እንከራይ ብላለች። ተናደድኩ። በራሴ መኪና ሚስቴን ማድረስ የሚያቅተኝ ሰው ነኝ?

ማክሰኞ 11

ሐኪሙ ዛሬ ለብቻዬ ጠራኝ። ካሁን በኋላ የሚሠሩት ሕመሟን ማስታገስ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ሕመሙ ከሆነ ዋናው ነገር መንገጫገጩ ነው ማለት ነው። "ምን ያህል መንገጫገጭ ትችላለች?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አብራችሁ ጊዜ አሳልፉ" አለኝ።

ስለ መንገዱ የጠየቅኩትን ሳይመልስልኝ ወጣሁ። ሐኪም ስለ ሞላ ምን ያውቃል።

ዓርብ 14

ሞላ የሚመረጠው በጭነቱ ነው። ለከባድ ሰው የተሠራ ሞላ ቀላል ሰው ሲቀመጥበት አይታጠፍም፤ መንገዱን እንዳለ ወደ ወገብ ይልከዋል። ስለዚህ ባለቤቴን መመዘን ነበረብኝ። ከመሥሪያ ቤት ሚዛን ይዤ መጣሁ። መቆም ስላቃታት አቅፌያት ቆምኩና የራሴን ቀነስኩ።

"ሚዛን እንዳትሰርቅብኝ" አለች በጆሮዬ። "ስንት ነኝ?"

አርባ ሰባት። ሚዛኑን ተጠራጠርኩት። አስቀምጫት በመመዘኛ ድንጋዮቼ ሞከርኩት፤ ልክ ነው። አምና ስልሳ ሦስት ነበረች።

"ደህና ነሽ" አልኳት።

ለሙከራ አርባ ሰባት ኪሎ አሸዋ በከረጢት ሞልቼ እሷ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ቀበቶ አሰርኩለት። ጎረቤቱ አጥር ላይ ሆኖ "ማንን ነው የምታንሸራሽረው?" አለኝ። ሳቅኩ መሰለኝ።

እሑድ 16

የሠላሳ ጠቅታውን አዘዝኩ። ቀጭኑ ስልክ ላይ በረጅሙ ተነፈሰና ዋጋውን ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ወለል ላይ ወረቀት ዘርግቼ ስሠራ ከመኝታ ቤት ጠራችኝ።

"ና እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጥ።"

"መጣሁ።"

ደግማ ጠራችኝ። የኋላው ሞላ ስንት መሆን እንዳለበት እያሰላሁ ነበር፤ ብቋረጥ ከመጀመሪያው መጀመሬ ነው። ሦስተኛ ስትጠራኝ ተነሳሁ። ስገባ ተኝታለች። ወንበሩን አልጋው አጠገብ አስጠግታው ነበር፤ እንዴት አድርጋ እንደሳበችው አላውቅም። አልቀሰቀስኳትም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ አሁን ስጽፈው አልገባኝም።

ሐሙስ 20

መሥሪያ ቤት። ጸሐፊዋ ለገንዘብ ያዡ ስትናገር በሩ ላይ ደረስኩ። "ሚስቱ እንዲያ ሆና እሱ መኪና ያሳምራል፤ ዛሬም ስለ ሞላ ነው የነገረኝ።" ሲያዩኝ ስለ ሻይ ማውራት ጀመሩ።

ለማን ብዬ እንደምሠራው ባውቅ ኖሮ። ባስረዳቸው ኖሮ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ 22

ተገጠመ! ቀጭኑ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀበት። አራቱንም አሥራ አምስት ላይ አደረጋቸው፤ መካከል ነው። መመሪያው በማላነበው ቋንቋ ነው፤ ሥዕል ብቻ ነው ያየሁት። ቀጭኑ እጁን እየጠረገ "ጋሼ፣ አቆጣጠሩን ላሳይዎት" ሲለኝ "አንተ ነህ እኔን ቁጥር የምታስተምረኝ?" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከአሸዋው ጋር ጉብታዋን ሃያ ጊዜ አለፍኩባት። ከድሮው በእጅጉ ይሻላል። አስመጪው አዲስ ሾክ ትንሽ እስኪላመድ ይደርቃል ብሎኛል፤ ገና ይለሰልሳል።

ለባለቤቴ ስነግራት "ጎሽ" አለችኝ። "እንግዲህ አለቀ?"

"የቀረው ማስተካከል ነው።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል።

ረቡዕ 26

አርባ ሦስት። ከረጢቱን ፈትቼ በኩባያ አራት ኪሎ አሸዋ አወጣሁ። ሞላው አሁን በዝቶባታል ማለት ነው። ይህን ማን ይገምታል? ለአርባ ሰባት ነበር ያዘዝኩት። ለስለስ ያለ ሞላ አዘዝኩ፤ ስድስት ቀን ይፈጃል።

ማክሰኞ 2

አርባ አንድ። ሁለት ኪሎ አወጣሁ። ሞላው መጣ፤ ቀጭኑ በምሳ ሰዓቱ ቀየረው። አሥራ አምስት ላይ ነን። ሥራ ዘገየሁ። አለቃዬ አይቶኝ በሩን ከፈተልኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 4

እትዬ ደወለች። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

"ወንድሜ፣ አንድ ወር ሙሉ መኪና ይስተካከላል እንዴ? እኔ ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

"እትዬ፣ ቅዳሜ አመጣታለሁ።"

"ባለፈውም ቅዳሜ ብለኸኛል።"

ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ስልኩን ተቀበለችኝ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። "ተይው። በእኛ መኪና ነው የምመጣው። ለእኔ ብሎ ነው የደከመው" አለቻት። ይህን ስትል ዘይት መለካት አለብኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዘይቱ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ 6

ጠዋት፣ በጥድፊያ። ለቀጭኑ ደወልኩ። ለረጅም መንገድ በስንት ላድርገው አልኩት። "ሃያ ስድስት። እንደ ትራስ ይሆንልዎታል" አለኝ። ተንበርክኬ አራቱንም ከዜሮ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት። እንነሳለን።

ማታ፣ እትዬ ቤት። ደረስን። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። መንገዱ ከማስታውሰው ብሶበታል፤ ጠጠሩ ላይ መሪው እጄን ሲመታኝ ነበር። ከመንገዱ ነው። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና የበሩን እጀታ ይዛ ነበር። አምስት ጊዜ ጠየቅኳት።

"እንዴት ነው?"

"ምቹ ነው።"

ሐይቁ ሲታይ መኪናውን ላቁም ወይ ስላት "አይ፣ ዝም ብለህ ንዳ" አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ "በጣም ጥሩ አድርገህ ሠርተኻታል። ከዚህ በላይ የሚነካ የላትም" አለችኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ያውቃል፣ በዚህ ሁሉ ሳምንት ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እትዬ ልታወርዳት ስትል ከንፈሯ ላይ ደም አየች። ደርቆባት ይሆናል፤ ውሃ ሳልሰጣት ቀረሁ። እትዬ ተሸክማት ገባች። ለእትዬ አንድ ሕፃን የተሸከመች ያህል ነው የቀለላት።

እሑድ 7

ነገ ሥራ አለ። በዚያ ላይ ከኋላ ሁለት ጠቅታ ብጨምር ለመመለሷ የበለጠ ይለሰልሳል፤ ቀጭኑ ሰኞ በጊዜ ይከፍታል። ስሰናበታት እጄን ይዛ "ዛሬ ብትቀርስ?" አለችኝ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ ታያለሽ።"

እጄን ለቀቀችው። ብቻዬን ስመለስ መኪናዋ በጣም ደረቀችብኝ። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ይሆናል።

ማክሰኞ 9

እትዬ ደወለች። "ከመጣች ጀምሮ አልተነሳችም። ማገላበጥም አልተቻለም።" መድኃኒቱ ተጨምሮላታል። መንገድ ያደክማል አልኳት። እትዬ ስልኩን ዘጋችው።

ጋራዡ ትናንትም ዛሬም ዝግ ነው፤ ቀጭኑ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል አሉኝ።

ሐሙስ 11

ቀጭኑ መኪናዋን ይዞ ሰፈሩን ዞረ። ሲመለስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ ያጠነከራት?"

"ሃያ ስድስት አላልከኝም?"

"ከየት ቆጥረው?"

"ከዜሮ ነዋ። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሬ።"

ፊቱ ተለወጠ። "እሱ የላላው ጫፍ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከጠበቀው ነው። ጥርቅም አድርገን እንዘጋና ወደ ኋላ ሃያ ስድስት እንፈታለን። እርስዎ እኮ… ለውድድር ሜዳ ነው ያደረጓት።" ከዚያ ቀስ ብሎ "እመቤት አልተጎዱም አይደል?" አለኝ።

አሥራ አምስት ከሁለቱም ጫፍ አሥራ አምስት ነው። ስለዚህ ነው እስከዚያ ቀን ያልታወቀኝ። ቁጥር እንዳያስተምረኝ ከለከልኩት። ሚዛን ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዜሮው የት ነው ብዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬ!

ዓርብ 12

እውነቱን ልጻፍ። ተሰምቶኝ ነበር። ከከተማ ሳንወጣ ነው የተሰማኝ። ጀርባዬ ላይ ያረፈው መንገዱ እንዳልሆነ ያውቅ የነበረ ሰው ውስጤ ነበር። ቆሜ ወርጄ ልፈትሽ እችል ነበር፤ አምስት ደቂቃ ነው። "ምቹ ነው" ስትለኝ ደስ ብሎኝ አመንኳት፤ ማመን ስለፈለግኩ አመንኳት። ከንፈሯ ላይ ያለው ደም ምን እንደሆነም አውቄያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ "ደርቆባት ይሆናል" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ስለ መኪና ነው የሚመስለው።

ቅዳሜ 13

በአውቶቡስ ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፍታ መንገድ ለቀቀችልኝ እንጂ አላየችኝም።

ባለቤቴ ነቅታ ነበር። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠቅታውን፣ አቆጣጠሩን፣ ቀጭኑን፣ መሪው እጄን ሲመታኝ ዝም ማለቴን። አለቀስኩ። ሳወራ ታየኛለች፤ አልተገረመችም።

"አውቄያለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ። የመኪናውን አቆጣጠር ከየት አውቄ።" ትንፋሽ አጠራት፤ ጠበቅኩ። "ሁለቴ ጮኼ ነበር፣ በልቤ።"

"ታዲያ ለምን ምቹ ነው አልሽኝ?"

"ይጎዳኛል ብልህ ተመልሰህ ከሥሯ ትገባለህ።" እጇ ፀጉሬ ላይ ነበረች፤ ክብደት የላትም። "ምቹ ነው ካልኩህ ሥራው ያልቃል ብዬ ነው። ያልቅና ትመጣለህ፤ ትቀመጣለህ ብዬ።"

እጇን በሁለት እጄ ያዝኳት።

"አንተ ግን በማግሥቱ ሄድክ" አለች። ቁጣ የለበትም። ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው ነው ያለችው። ከዚያ መድኃኒቱ ወሰዳት።

እሑድ 14

ተቀምጫለሁ። እትዬ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ባለቤቴ ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው የነቃችው። አንዴ ውሃ፤ አንዴ "አለህ?"

"አለሁ።"

ሰኞ 15

መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አልመጣም አልኩ። እስከ መቼ ሲሉኝ አላወቅኩም። ትራሷን ዝቅ፣ ከፍ ማድረግ ተማርኩ። እትዬ ናት ያስተማረችኝ። ስታስተምረኝ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

ማክሰኞ 16

አልነቃችም። አወራኋት። መጀመሪያ ምን እንደማወራ ጠፋኝ፤ አንድ ወር ከመኪናው ሌላ ያሰብኩት የለም። ስለ መጀመሪያው ቤታችን አወራኋት፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ እሷ ድስት ይዛ ከክፍል ክፍል ስለመሮጧ። ሰማች አልሰማች አላውቅም። ከአሥራ አራት ቀን በፊት ብትሰማው ትስቅ ነበር።

ሐሙስ 18

ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አረፈች። አጠገቧ ነበርኩ።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለች "ሳትጨነቅ ነው የሄደችው፤ ባሏ ከአጠገቧ አልተለየም ነበር" ትላለች። ለእኔ ብላ ነው፤ ይቅር ብላኝ ይሁን አዝናልኝ አላውቅም። ሰዎቹ ትከሻዬን ይነኩኛል። አንዲት አሮጊት "እንዳንተ ያለ ባል ይስጥ" ብላ እጄን ሳመችኝ።

አራት ቀን ነው የተቀመጥኩት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እትዬ ከሩቅ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። እጄን አልነጠቅኩም፤ "አሜን" አልኩ።